ጥያቄ ሳያነቡ መመለስ

መጀመሪያ ያንገሸገሸኝ ሙዚቃው ነው። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ፣ ጣራዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭና የምትዞር የሎተሪ መኪና አለች፤ ይሄኛው ከእሷ ሙዚቃ የሚለየው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ መሰማቱ ብቻ ነበር። የአይሲቲው መምህር ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቶ ግድግዳው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሣጥን ሲያበራብን፣ ከጎኔ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ መምህር እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ጡረታው የደረሰ ሰው ነው።

ሦስታችን ኮሚቴ ነበርን። ርዕሰ መምህራችን «የኦንላይን የጥያቄ ጨዋታዎች ገምጋሚ ኮሚቴ» የሚል ስም አውጥቶልናል። ሥራችን በኢንተርኔት የሚገኙ ሦስት የጥያቄ መጫወቻዎችን ሞክረን ለክፍል ትምህርት የሚሆነውን አንዱን መምረጥ ነው። ለትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር የሰጠ አንድ ድርጅት ነበር፤ ከድርጅቱ እንግዶች መጥተው ሊያዩ ስለሆነ ዕቃው ሥራ ላይ ውሎ መገኘት አለበት። እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ጠመኔ ይዤ ፀጉሬ ሸብቷል። ኮሚቴ በተባለ ቁጥር ስሜን የሚጨምሩት ሐሳቤን ፈልገው ሳይሆን አንዲት ሴት መኖር ስላለባት ነው። ይህም ያስጠላኛል፤ ግን ለምጄዋለሁ።

የመገምገሚያ ቅጹን ያዘጋጀው ርዕሰ መምህሩ ራሱ ነው። ይስባል ወይ? ያነቃቃል ወይ? ለአጠቃቀም ይቀላል ወይ? በድምፅና በምስል የታገዘ ነው ወይ? ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ገልብጬም አየሁት። ያስተምራል ወይ የሚል የለበትም። ለእንግሊዝኛው መምህር ሳሳየው፣ እሱማ ታሳቢ ነው አለኝ። በዚህ አገር ታሳቢ የተደረገ ነገር የት እንደሚቀር እያወቀ እንዲህ ማለቱ ከቅጹ ይልቅ አናደደኝ።

የመጀመሪያውን መጫወቻ እኛው መምህራን በየስልካችን ሞከርነው። ጥያቄው ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ አራት ምርጫ በአራት ቀለም ይቀርባል፤ ከሃያ የሚጀምር ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሙዚቃው ይጣደፋል። ትክክለኛውን የነካ ነጥብ ያገኛል፤ ቀድሞ የነካ ደግሞ የበለጠ ያገኛል። ለምረቃ ቀን እንኳ ፈገግ የማይሉ ሰዎች በዚያ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ተጋፉ፣ ተሳደቡ፣ አንዷ ወንበር ላይ ወጣች። በመጨረሻ የእንግሊዝኛው መምህር አንደኛ ሆነ። ስሙ ግድግዳው ላይ መድረክ አናት ቆሞ የቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ዘነበበት። ቀደም ብሎ መልሱን ያውቀው እንደሆነ ብጠይቀው በኩራት ነገረኝ።

«ኧረ ጥያቄውንም አላነበብኩት። ሁለት ቃል ካየሁ ይበቃኛል።»

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ክፍል ገብቶ ምንባቡን ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቡ እያለ ልጆቹን የሚቆጣው። የሳቀው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሻይዬን ትቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው መጫወቻ የባሰ ነበር። በትክክል የመለሰ ተማሪ ሦስት ሣጥን ይቀርብለታል፤ አንዱን ሲከፍት ወይ ወርቅ ያገኛል፣ ወይ ከሌላ ተጫዋች ወርቅ ይሰርቃል። ይሰርቃል ያለው መጫወቻው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ስለ ደም ዝውውር በትክክል የመለሰች ልጅ ሽልማቷ የጓደኛዋን ኪስ ማራገፍ ነው። በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው ይባላል፤ ይህን የሠራውን ሰው ባላውቀውም ቆዳውን ከየት እንዳመጣው አልጠፋኝም። የአይሲቲው መምህር ግን ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ ክፉ ነገር ቢያሳዩት እንኳ ደግ ጎኑን ፈልጎ የሚያገኝ ዓይነት። እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ገበጣም ላይ ጠጠር ይበላል ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው፣ ይበላል። ገበጣን ግን ትምህርት ነው ብሎ ክፍል ያስገባ የለም።

ሦስተኛው ዝምተኛ ነበር። ሰዓት አይቆጥርም። ተማሪው እንደ አቅሙ ይሄዳል፣ ሲሳሳት ደግሞ ለምን እንደተሳሳተ ሁለት ሦስት መስመር ያስነብበዋል። ወደድኩት። እንዲያውም ጭቅጭቄ ሁሉ አላስፈላጊ ነበር ብዬ ራሴን መውቀስ ጀምሬ ነበር። ስለ ኩላሊት የሚል አንድ ጥያቄ መልሼ ማብራሪያውን ሳነብ ግን ከሥሩ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ብቅ አለ፤ አንድ ጎረምሳ ብር ሲበትን ያሳያል። ፒያሳ ከትምህርት በኋላ ብቅ ያለ ሰው የኛ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ውርርድ ቤት በር ላይ ተኮልኩለው ያያል። አሁን ደግሞ እኔው በገዛ እጄ፣ በኩላሊት በኩል ላስገባቸው ነው። ማስታወቂያ የሌለበት የሚገኘው በክፍያ ነው ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ግን ሦስተኛውን የጣለው በማስታወቂያው ምክንያት አይደለም፤ ድምፅ የለውም፣ እንግዳ መጥቶ ምን ያያል ነው ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያው፣ ያ ባለ ሎተሪ መኪና ሙዚቃው፣ በክፍል ውስጥ እንዲሞከር ተወሰነ።

የሚሞከረው በአሥራ አንደኛ ክፍል ልዩ ክፍል ሆነ። ልዩ ክፍል የምንለው በውጤት የተመረጡ ልጆች የሚማሩበት ነው። ከእነሱ መካከል ከገጠር የመጡት፣ የከተማው ሰው ተባብሮ ባሠራው ማደሪያ ያድራሉ፣ እዚያው ይመገባሉ። ደንቡ ግን ጨካኝ ነው፤ በየመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ይታይና ከልዩ ክፍል የወጣ ልጅ አልጋውንም ይለቃል። ሌላ ተረኛ ይጠብቃልና።

ከእነዚህ አንዷ ከሊማሊሞ ሥር ካለው ቆላ፣ ከዛሪማ የመጣች ልጅ ነበረች። የአገሯ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሞ፣ ብዙ ጊዜ ባክኖባት ነው እኛ ጋ የደረሰችው። ጎንደር ውስጥ የምትጠጋበት ዘመድ የላትም። አልጋው ከቀረ መመለስ ነው፤ መመለስ ማለት ደግሞ ትምህርቱን መተው ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እንግሊዝኛ ስለሚከብዳት አማካይ ውጤቷ አፋፍ ላይ ነበር፤ ጥቂት ነጥብ ቢጎድልባት ትወጣለች።

ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። ስለ ዕፅዋትና ውኃ ሳስተምር አንድ ቀን እጇን አወጣች። «እኛ አገር ቀትር ሲሆን ማሽላው ቅጠሉን ይጠቀልላል፤ ሲመሽ ይዘረጋዋል። ምነው ቲቸር?» አለችኝ። ክፍሉ በአነጋገሯ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያን ያህል ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ በጣቴ እቆጥረዋለሁ። በቂ መልስ ስላልነበረኝ አንብቤ በማግስቱ መለስኩላት። እሷም አልለቀቀችኝም፤ ከተጠቀለለ ታዲያ ምግቡን በምን ይሠራል ብላ ተከተለችኝ። መምህር ሆኖ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው ለመምህር ብቻ ነው የሚነገረው። ደስ አለኝ። ቤቴ እስክገባ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሙከራው በፊት ባለው ቀን ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹ ቁም ነገር አድርገው እንዲይዙት በሚል የጨዋታው ውጤት ከመቶው አሥር ሆኖ እንዲያዝ ወሰነ። በኔም ትምህርት፣ በእንግሊዝኛም። ተቃወምኩ። እኔ ራሴ ገና የምገመግመውን ዕቃ ልጆቹን ይገምግምበት ማለት ምን ማለት ነው አልኩት። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ስጠላው ይቀለኝ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ ሲስተሙ ራሱ ያርማል ቲቸር፣ እርስዎም ከእርማት ይገላገላሉ አለኝ። ውጤቱንም ከመጫወቻው አውጥቶ ለሬከርድ ክፍል የሚያስተላልፈው የአይሲቲው መምህር ነው፤ የኔ እጅ አይገባበትም።

የሙከራው ቀን፣ ወትሮ ዘበኛው በር ላይ ስልክ እየቀማ በከረጢት የሚሰበስብ ቢሆንም፣ ስልክ ያላችሁ አስገቡ ተብሎ ታወጀ። ያም ሆኖ ለሁሉ የሚበቃ አልተገኘም። እንግዲያው በአንድ ለአምስት ይሁን ተባለ። ልጆቹ ለቤት ሥራውም ለቤተ ሙከራውም የሚቀመጡት በዚሁ ነው፤ አምስት አምስት ሆነው ከመካከላቸው አንድ መሪ አላቸው። የዛሪማዋ ልጅ የቡድኗ መሪ ነበረች። ስልኩ ግን የከተማ ልጅ የሆነ አንድ የቡድኗ አባል ነው፤ ይዞ የተቀመጠውም እሱ ነው።

የባዮሎጂውን ጥያቄዎች ያዘጋጀኋቸው እኔ ነበርኩ። መጫወቻው ረጅም ጥያቄ አይቀበልም ተብሎ ግማሻቸው ተቆራርጠው ደርሰዋል። ግድግዳው ላይ ሲወጡ የማን እንደሆኑ አላወቅኳቸውም። ሙዚቃው ተለቀቀ፣ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፣ ክፍሉ እንደ ገበያ ተነሣ። ልጆች ስልክ ላይ ተደራርበው ይጮሃሉ፤ ቀዩን ንካ፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውን። ስለ ሴል አንድ ቃል የሚናገር አጣሁ። ስለ ቀለም ነበር የሚጮሁት።

በዚህ ሁሉ መካከል ዓይኔ እሷ ቡድን ላይ አረፈ። ከፊት ወደ ኋላ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ልጅቱ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ታነባለች። ከዚያ ለቡድኗ በአማርኛ ትተረጉማለች። ከዚያ እያንዳንዳቸውን ትጠይቃለች፤ አንተስ ምን ትላለህ፣ አንቺስ? ለምን? የአንድ ለአምስት ደንብ እንደዚያ ነውና። መሪ የሁሉን ሐሳብ ሳይሰማ መልስ አይጽፍም ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስንጨቀጭቃቸው ኖረናል። ሌላው ቡድን ሁሉ ደንቡን ሙዚቃው እንደተጀመረ ረስቶታል። እሷ ብቻ አልረሳችም። አምስተኛው ልጅ ሐሳቡን ሲጨርስ፣ ሁሉም ተስማምተው ትክክለኛው ላይ ሲደርሱ፣ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ሣጥኖቹ ጠፍተዋል። ባለስልኩ ልጅ እያለቀሰ አይሉት እየተቆጣ፣ አንቺ ቶሎ በይ ይላታል። ለቀጣዩ ጥያቄም እንደዚያው አደረገች። ለሚቀጥለውም። ትሰማኛለች ብዬ ጎንበስ አልኩና፣ ዝም ብለሽ የመሰለሽን ንገሪውና ይንካ አልኳት፤ በዚያ ጫጫታ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

ከሁሉ ቡድን መጨረሻ ወጡ። መድረኩ ላይ ሦስት ስም ወጣ፤ ብጥስጣሹ ወረቀት ዘነበ። ርዕሰ መምህሩ ከበሩ ጎን ቆሞ በሁለት እጁ ያጨበጭባል፤ እንደዚህ የነቃ ክፍል አይቼ አላውቅም ይላል። ያን ጊዜ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። የበሰበሰ ነገር የነካሁ ያህል እጄን መታጠብ ነው ያማረኝ።

ከክፍል በኋላ የአይሲቲውን መምህር ይዤ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። የዚያች ልጅ ቡድን ከሌላው ሁሉ አሳቢ ነበር፣ እኔ ምስክር ነኝ አልኩት። ከፍቶ አሳየኝ። በእያንዳንዱ ጥያቄ አንጻር ያለው «አልተመለሰም» ብቻ ነው። ሲስተሙ የሚያውቀው የተነካውን ነው እትዬ፤ የታሰበውን በምን ይያዘው አለኝ። ሐዘኑ ፊቱ ላይ ይታያል። አዝኖም ግን ውጤቱን ለሬከርድ ክፍል ላከው።

ወሬው ማደሪያው ጋ ሲደርስ ጊዜ አልፈጀም። ለመንፈቀ ዓመቱ ማን እንደሚወጣ ሠራተኞቹ መገመት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን የልጅቱ አባት ለሕክምና ጎንደር መጥተው ኖሮ ትምህርት ቤት ድረስ ሊጠይቋት መጡ። በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያ፣ ደህና ዋሉ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጃቸው አልጋውን ልታጣ ትችላለች መባሉን ሰምተዋል።

«ሸጋ ተማሪ ናት ስትሉኝ ነበር። ምነው፣ አጠፋች?» አሉኝ።

አላጠፋችም አልኩ። ታዲያ ሲሉኝ ምን ልበላቸው። በቴሌቪዥን መሳይ ነገር ጥያቄ ይቀርባል፣ ቶሎ ያልመለሰ ያወቀውም ቢሆን እንዳላወቀ ይቆጠራል ብዬ እያፈርኩ አስረዳኋቸው። ዳኛም እንኳ ቀጠሮ ይሰጣል አሉ። ከዚያ ልጃቸው መጣችና እኔ ተነሥቼ ሄድኩ። ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት፤ አባቷ እንዳይጨነቁ ነበር።

የኮሚቴው ሪፖርት ላይ ሁለቱ ፈርመዋል። «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው የሚለው። የኔ ፊርማ ሲቀር ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። የልዩነት ሐሳብ ይመዝገብልኝ ማለት እችል ነበር፤ ቀድሞም ብያለሁ፤ የልዩነት ሐሳብ የትም እንደማይደርስ ግን አውቃለሁ። ሐሳቤ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ልጅቱ አገሯ ከምትገባ፣ ወረቀቱ ቀርቶ ልጅቱ እዚሁ ትቆይ አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም ወይ፣ እኛ ደግሞ ላፈሰሰው ነው ነጥብ የሰጠነው ብዬ ጀመርኩና ተረቱን ትቼ ወደ ጉዳዩ ገባሁ። ከታች የወጡት ቡድኖች በግል በግል፣ ለእያንዳንዱ ስልክ ተሰጥቶ፣ እንደገና ይፈተኑ። ይህ ከሆነ እፈርማለሁ። በደስታ ተቀበለኝ። ሌላ የጨዋታ ቀን ተገኘለት፤ እንግዶቹም የዚያን ዕለት ይምጡ አለ።

ለልጅቱ ስልኬን ሰጠኋት። ከትምህርት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል እየመጣች፣ እኔ ደብተር ሳርም እሷ በሌሎች ጥያቄዎች ትለማመዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ታነባለች፣ ትተረጉማለች፣ ቀና ብላ ታስባለች። ከዚያ ስልኩ የስሕተት ድምፁን ያሰማል። እንደገና። እንደገና። አንድ ቀን ጥያቄው ላይ ክርክር ጀመረች፤ ቲቸር፣ ይሄ እንደ ሁኔታው ሁለቱም ይሆናል፣ ደረቅ ቦታ ከሆነ ሌላ ነው መልሱ አለችኝ። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ለምንም አልጠቀማትም፤ ቁጥሩ አልቆ ነበር።

የአይሲቲው መምህር ሻይ ሊጠጣ ገብቶ አያት። አንጀቱን በላችው። ጎንበስ ብሎ ብልሃቱን ነገራት፤ ከረዳት ብሎ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

«ሁሉን አታንብቢ። የሚደጋገመውን ቃል ፈልጊ። ከጠፋሽ ረጅሙን ምርጫ ንኪ፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።»

ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ እውነት ነው ወይ ብላ ነው። እውነት መሆኑን አውቃለሁ። እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትክክለኛውን ምርጫ በጥንቃቄ ለመጻፍ ስንል እናስረዝመዋለን። ተይ፣ አንብቢ ልላት አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። አልጋዋ ታየኝ። ወደ አገሯ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆና ታየችኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የስሕተቱ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። በመጀመሪያ አንዱን ከሁለቱ ትስታለች፤ በኋላ ከስንት አንዴ ሆነ። ከንፈሯም መንቀሳቀሱን ተወ። ጎበዝ ልጅ የሰጡትን ሁሉ ይማራል፤ ደጉንም ሌላውንም።

እንግዶቹ በመጡበት ቀን ክፍሉ ተጠርጎ፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሙዚቃው እንደ ልማዱ ተለቀቀ። እኔ ከኋላ ቆሜ እሷን ብቻ ነው ያየሁት። ጥያቄው ገና ሲወጣ ጣቷ ይወርዳል፤ ዓይኗ ወደ ላይ የሚሄደው ነጥቡን ለማየት ነው። ስሟ ከታች ተነሥቶ ወጣ፣ ወጣ፣ ሦስተኛ ላይ ቆመ። መድረኩ ላይ ስሟን ስታይ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም፣ አልዋሽም፣ አጨበጨብኩ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ሲወጣ በልዩ ክፍል ቀርታለች፤ አልጋዋም የእሷ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ አግኝቶኝ፣ አዩ ቲቸር፣ እስኪለምዱት ነበር አለኝ። ቃሌን ጠብቄ ፈረምኩ። ሪፖርቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» እንዳለ ተላከ፤ መጫወቻውም በየክፍሉ ገባ።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር የመተንፈሻ አካላትን ሳስተምር ነበር። መብራት ስለጠፋ ፕሮጀክተሩም ሙዚቃውም የለም፤ ባዶ ሰሌዳና እኔ ነን። ደስ ብሎኝ ጠመኔዬን አነሣሁ። ያቺ ልጅ በራሷ እግርና ሳንባ የምታውቀው ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለእሷ ብዬ ነው ያሰብኩት። ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን ሽቅብ የወጣ ሰው ደባርቅ ሲደርስ ቁጭ ብሎ እንኳ ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልቡስ ለምን ይመታል? ክፍሉን ሁሉ ጠየቅኩና ወደ እሷ ዞርኩ። መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ እስኪ ንገሪን አልኳት።

ተነሣች። ታስባለች ብዬ ታገሥኩ፤ ጊዜ ሞልቶኛል። እሷ ግን ወደ መስኮቱም ወደ ጣራውም አላየችም። ሰሌዳውን አየች፤ ባዶ ነው። ግራ የገባት ትመስላለች።

«ምርጫዎቹስ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ የሚስቅ ካለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የሳቀ የለም። ደብተራቸውን ከፍተው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ እስክጽፍላቸው፣ ሁሉም ጠመኔዬን ይጠብቁ ነበር።